ቤቱ በማን ስም ይሁን? ለተጋቡ፣ ሊጋቡ ላሰቡና አብረው ለሚኖሩ ቤት ገዢዎች

ቤት ሊገዙ የተነሱ ባልና ሚስት ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌም ይህንኑ ነው። «ካርታው በማን ስም ቢወጣ ይሻላል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እኔ መልሼ ሌላ እጠይቃቸዋለሁ። ቤቱ የሚገዛው መቼ ነው፣ ከሠርጉ በፊት ወይስ በኋላ? ገንዘቡ ከየት የመጣ ነው? ይህንንስ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችሁ አለ? የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ከካርታው ስም ይልቅ የሚያየው እነዚህን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሳወዳድር በየቦታው ወደነዚሁ ጥያቄዎች እመለሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምጽፈው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ላይ ተመሥርቼ ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። እንደ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ ያሉ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ቢሆንም ክልል ያላችሁ ሰዎች ከመፈረማችሁ በፊት የክልላችሁን ሕግ አሳዩ።

የካርታው ስም ምን ያህል ይጠቅማል?

ብዙ ሰው «በስሜ ስለሆነ የኔ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «በሱ ስም ስለሆነ ምንም የለኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 ግልጽ ነው። ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ በስተቀር የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ማስረዳት ያለበት «የግሌ ነው» ባዩ ነው። «የጋራ ነው» የሚለው ወገን ቤቱ የተገዛው በትዳር ውስጥ መሆኑን ካሳየ ግምቱ ይረዳዋል።

አንቀጽ 62 ደግሞ ከጋብቻ በኋላ ያለ ገቢን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል። ደመወዝ፣ የንግድ ትርፍ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ የግል ቤት የግላችሁ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ኪራዩ ግን የሁለታችሁ ነው።

የግል ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው? በአንቀጽ 57 መሠረት በጋብቻው ዕለት የነበራችሁ ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለብቻችሁ ያገኛችሁት።

ታዲያ የካርታው ስም ጥቅም የለውም? አለው። በባልና ሚስት መካከል ብዙ ባይወስንም በሦስተኛ ሰው ፊት ትልቅ ነገር ነው። ባንኩ፣ ገዢው፣ የመሬት ቢሮው የሚያዩት ካርታውን ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንደኛው መንገድ፦ ከሠርግ በፊት መግዛት

ገንዘቡ ካላችሁና ጊዜው ከፈቀደ፣ ቤቱን የግል አድርጎ ለማቆየት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ውሉ ከጋብቻው ቀን በፊት ተፈርሟል፣ ክፍያው አልቋል፣ ስመ ንብረቱ ዞሯል። ከዚያ በኋላ ክርክር ቢመጣ ሁለት ወረቀት ይበቃል፤ የሽያጭ ውሉና የጋብቻ የምስክር ወረቀቱ። ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ችግሩ አብዛኛው ሰው እንዲህ ጨርሶ አይገዛም። ግማሹን ከፍሎ ያገባል። ቀሪው በብድር ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ይከፈላል። ያ ወርሃዊ ክፍያ የሚወጣው ከጋብቻ በኋላ ከሚገኝ ደመወዝ ነው። ደመወዙ ደግሞ የጋራ ነው። ያኔ ቤቱ ንጹሕ የግል ነው ብሎ መከራከር ከባድ ይሆናል። ሌላኛው ወገን «ዕዳውን አብሬ ከፍያለሁ» ሲል እውነቱን ነው።

አሮጌ ቤት አፍርሶ የመገንባት ነገርም እንዲሁ ነው። ባል ከጋብቻ በፊት የጭቃ ቤት ነበረው እንበል። ከሠርጉ በኋላ ያ ቤት ፈረሰ፤ በሁለቱ ገንዘብ ጂ+1 ተሠራ። ባል «ቦታው የኔ ነበር» ይላል። ሚስት «ቆመን የምናየው ግድግዳ የሁለታችን ነው» ትላለች። ፍርድ ቤት በየዕለቱ የሚሰማው ክርክር ነው። ግንባታ ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ቤት ፎቶ አንሱ፣ ያወጣችሁትንም ወጪ መዝግቡ።

ኮንዶሚኒየምን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። በ1997 ወይም በ2005 ነጠላ ሆነው የተመዘገቡ፣ ከዚያ ያገቡ፣ ከዚያ በኋላ ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ናቸው። «የተመዘገብኩት ሳላገባ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ምዝገባ ቤት አይደለም፤ ተራ መያዝ ነው። ውሉ የተፈረመው በትዳር ውስጥ ከሆነ ግምቱ የጋራ ነው ወደሚለው ያደላል። ከጋብቻ በፊት የተቆጠበው ገንዘብ ግን የግል ነበር። ይህን ለማሳየት በጋብቻችሁ ቀን የቁጠባ ሒሳባችሁ ውስጥ ስንት እንደነበረ የሚገልጽ የባንክ መግለጫ አውጡ። ዛሬ አውጡት። ከ15 ዓመት በኋላ ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ በትዳር ውስጥ፣ በአንድ ስም ወይስ በሁለት?

በጋራ ገንዘብ የምትገዙ ከሆነ የእኔ ምክር አንድ ነው። በሁለቱም ስም ይሁን።

በአንድ ስም የሚያደርጉ ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ቅን ነው። አንዱ ሥራ ላይ ነው፤ ወረፋ መያዝ አይችልም። ወይም አንዱ ውጭ አገር ነው። ወይም ደላላው «በአንድ ሰው ስም ይፍጠን» ብሏቸዋል። መብቱ ባይጠፋም ችግሩ የሚመጣው በሽያጭና በብድር ጊዜ ነው።

ሕጉ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን አንዱ ብቻውን ሄዶ ቢሸጥስ? ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 69 ለዚህ ጊዜ ወስኖለታል። ሽያጩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። ባታውቁትም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ በር ይዘጋል።

2 ዓመት ረጅም ይመስላል። አረብ አገር ለሥራ ለሄደች እናት ግን አይረዝምም። በየወሩ እየላከች ቤት ተገዝቷል፤ ካርታው በባሏ ስም ነው። ተመልሳ ስትመጣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። ሁለቱም ስም ካርታው ላይ ቢኖር ኖሮ ግን ይህ ሽያጭ ውልና ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ይቆም ነበር። የስም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ፊርማው ቀን ያመጣዋል። ያኔ መከልከል ይቻላል፤ በኋላ ማስመለስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

የሁለት ስም ጉዳቱ ምንድን ነው? ማንኛውም ነገር የሁለት ሰው ፊርማ ይፈልጋል። አንዱ ውጭ ካለ ውክልና መላክ አለበት። ውክልናው ከኤምባሲ ተረጋግጦ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ በኩል ያልፋል። አድካሚ ነው። ግን የምትሰጡትን ውክልና አንብባችሁ ፈርሙ። አጠቃላይ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው። ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን መጻፍ አለበት። «ይግዛልኝ፣ ስሜን በውሉ ያስገባልኝ» ብላችሁ መወከል እየቻላችሁ «ይሽጥ፣ ይለውጥ፣ ያስይዝ» የሚል ረጅም ዝርዝር ከናሙና ላይ ገልብጣችሁ አትፈርሙ። ይህን ስህተት ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ሰው አንድ ነገር ለማስፈጸም ሄዶ ሁሉን ነገር ሰጥቶ ይመለሳል።

የሁለታችሁ ስም ካርታው ላይ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በሽያጭ ውሉ ላይ «ገዢ» በሚለው ቦታ ሁለታችሁም ተጻፉ። ካርታው የሚከተለው ውሉን ነው። በአንድ ስም ከተፈረመ በኋላ «ሌላውን እንጨምር» ማለት ሌላ ሒደት፣ ሌላ ወጪ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የጋብቻ ውል

የጋብቻ ውል ሲነሳ ፊቱን የማይቀይር ሰው ጥቂት ነው። «ገና ሳንጋባ መፋታት?» ይላሉ። ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ፊት ማንሳቱ እንደ ሟርት ይቆጠራል። እረዳለሁ። ግን የጋብቻ ውል ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ባዶ እጃችሁን ተጋብታችሁ አብራችሁ የምታፈሩ ከሆነ ሕጉ ራሱ ይበቃችኋል።

ለማን ያስፈልጋል? ከጋብቻ በፊት ቤት ላለው፣ በተለይ ብድሩ ላላለቀ። ከቀድሞ ትዳር ልጆች ላሉት። ከወላጅ የወረሰውን ሸጦ ሌላ ቤት መግዛት ለሚያስብ። ድርጅት ላለውና የንግድ ዕዳው ቤተሰቡን እንዳይነካ ለሚፈልግ። ለእነዚህ ሰዎች የጋብቻ ውል ፍቅርን አይቀንስም። ኋላ በልጆችና በእንጀራ እናት መካከል ሊነሳ የሚችለውን ጠብ ቀድሞ ያበርዳል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ውሉ የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። በጽሑፍ ይሆናል። 4 ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ 2 በሚስት በኩል፣ 2 በባል በኩል። ቅጂው በፍርድ ቤት ወይም በክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ከምስክሮቹ አንድ ቢጎድል ሌላው ወገን ኋላ የሚይዘው ያንን ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን አሟሉ።

ከሠርጉ በኋላ ማሻሻል ይቻላል? ይቻላል፤ ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። በትዳር ውስጥ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ማንኛውም ውልም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 73 ይህን ይላል። በቤት ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ሽማግሌ አስፈርማችሁ በመሳቢያ ያስቀመጣችሁት «ቤቱ የሷ ነው» የሚል ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በስተቀር አይጸናም። ሰዎች ከተጣሉ በኋላ ታርቀው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይፈራረማሉ። እርቁ ያምራል። ወረቀቱን ግን ፍርድ ቤት ውሰዱት።

አራተኛው መንገድ፦ የግል ገንዘብን የግል አድርጎ ማቆየት

አባቷ ሞተው ቤት ወረሰች እንበል። ያንን ቤት ሸጣ፣ ትዳር ውስጥ እያለች ሌላ ቤት ገዛች። አዲሱ ቤት የማን ነው?

አብዛኛው ሰው «የሷ ነው፣ የአባቷ ነው» ይላል። የልብ መልስ ነው። አንቀጽ 58 ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። በግል ገንዘብ ወይም የግል ንብረት ተሸጦ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው፣ ከባልና ሚስቱ አንዱ ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው። ካልተወሰነ ከጋራው ጋር ይቆጠራል።

ይህ አንቀጽ ከሚገባው በታች ይታወቃል። ብዙዎች ስለ እሱ የሚሰሙት ፍቺ ከመጣ በኋላ ነው። ያኔ ገንዘቡ ከየትኛው ሒሳብ ወጣ፣ ከሌላ ገንዘብ ጋር ተቀላቀለ ወይ፣ ከስንት ዓመት በፊት ነበር የሚለው ይፈተሻል። ሰላም ሳለ፣ ባልም «አዎ፣ የአባቷ ገንዘብ ነው» እያለ ማመልከት ቀላል ነው። ጠብ ሲነሳ ያው ሰው ያንኑ ቃል ላይናገር ይችላል።

እስከዚያው ገንዘቡን አትቀላቅሉ። የውርሱ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይግባ። ቤቱም ከዚያው ሒሳብ በባንክ ዝውውር ይከፈል። በጥሬ ገንዘብ አውጥቶ በቦርሳ ይዞ መሄድ ከዘረፋው አደጋ ሌላ ማስረጃችሁንም ያጠፋል። ለወራሽነት የወጣውን የፍርድ ቤት ማስረጃ፣ የአሮጌውን ቤት ሽያጭ ውልና የአዲሱን ውል በአንድ ፋይል አኑሩ።

ወላጅ ሲሰጥም ተመሳሳይ ነው። እናትና አባት ለልጃቸው ቤት ሊሰጡ ካሰቡ ቃል ብቻ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ሲሠራ ነው፤ ፎርሙን ከታች ስለ ኑዛዜ ሳወራ እነግራችኋለሁ። ስጦታው ለልጅ ብቻ ነው ወይስ ለልጅና ለአማች አብሮ? በግልጽ ይጻፍ። ለሁለቱ አብሮ የተሰጠ የጋራ ይሆናል።

ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ

አንዲት እህት ሁለት ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዛ መጥታ ነበር። በአንዱ የብሎኬት፣ የብረትና የሲሚንቶ ደረሰኝ። በሌላው የባንክ ስሊፕ። ስሊፖቹ ደብዝዘው ነበር፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ከአንድ ሰው ጋር ከ9 ዓመት በላይ አብራ ኖራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ቤቱ በሱ ስም ነው። ሠርግ አልነበረም፤ የጋብቻ ወረቀትም የለም።

ያዳናት ደረሰኞቹ ሳይሆኑ ሌላ ወረቀት ነው። የዕድር ደብተር። በዚያ ላይ ባልና ሚስት ተብለው አብረው ተጽፈዋል፤ መዋጮውም በየወሩ ተሞልቷል። ጎረቤቶች መጥተው መሰከሩ። የልጆች ክርስትና ካርድ ቀረበ።

ሕጉ እንዲህ ዓይነቱን ኑሮ ያውቀዋል። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ይለዋል። በአንቀጽ 102 መሠረት ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ በሥራ የተገኘ ገቢና የተገዛ ንብረት የጋራ ይሆናል። ግን ከባለትዳሮች ጋር ሲነጻጸር ያለው ልዩነት ማስረጃ ላይ ነው። ባለትዳር ወረቀቱን አውጥቶ ያሳያል። እናንተ ግን ከየትኛው ቀን ጀምሮ አብራችሁ እንደኖራችሁ በምስክርና በወረቀት ማስረዳት አለባችሁ። 3 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ጥበቃው አይደርስላችሁም።

ስለዚህ ለእናንተ ምርጫው ግልጽ ነው። አንድም ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። ክብር መዝገብ መሄድ ሠርግ መደገስ አይደለም። ካልሆነም ቤቱን ስትገዙ ሁለታችሁም ገዢ ሆናችሁ ተፈራረሙ፤ ድርሻችሁን በቁጥር አስጽፉ። 50 በ50፣ ወይም 70 በ30፤ ያዋጣችሁት ልክ ይሁን። ካልተጻፈ ድርሻው እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። 70 ያዋጣ ሰው ይህን ከረሳ ጉዳቱ የራሱ ነው። በሁለታችሁ ስም ሆኖ ድርሻው ከተጻፈ 3 ዓመት መሙላት አለመሙላቱ ቀድሞ አያስጨንቃችሁም፤ መብታችሁ ከውሉ ይመጣል።

ከባለትዳር ቤት ስትገዙ

እስካሁን ያወራነው የራሳችሁን ትዳር ነው። የሻጭም ትዳር ለእናንተ ጉዳይ ነው። ከላይ ያየነው የ6 ወርና የ2 ዓመት ክስ የሚመጣው በእናንተ ላይ ነውና።

ሻጭ ያላገባ ማስረጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከወረዳ የተሰጠ ትክክለኛ ወረቀት ሊሆንም ይችላል። ግን በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ተጋብቶ ያላስመዘገበ ሰው በወረዳው መዝገብ ያላገባ ሆኖ ይታያል። ሃይማኖታዊና ባህላዊ ጋብቻ በሕጉ የጸና ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አይታችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የምታበስለው ማን ናት? ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ? ጎረቤት ምን ይላል? ደላላው ቢያጣድፋችሁም ይህን አትዝለሉ። አንድ ከሰዓት ብቻ ይወስድባችኋል።

ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። አንዱ ከሌለ ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና ይምጣ፤ ውክልናው አለመሻሩንም አረጋግጡ። የወረሱት ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርሙ። ከወራሾቹ መካከል 18 ዓመት ያልሞላው ካለ የፍርድ ቤት ፈቃድ ጠይቁ። ቤቱ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከመሬት ቢሮው ማስረጃ ይውጣ። በፍቺ ላይ ያሉ ሰዎች ቤት ብዙ ጊዜ እግድ አለበት።

ቀብድ የምትሰጡት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀብዱም በባንክ ይከፈል። ዋናው ሽያጭ ደግሞ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ቤት በቃል አይሸጥም።

በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ባንኩ የሁለታችሁንም ፊርማ ይጠይቃል። በመያዣ ውሉ ላይ ስትፈርሙ ዕዳውን አብራችሁ እየተሸከማችሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። «የባሌ ብድር ነው» ወይም «የሚስቴ ብድር ነው» የሚለው ያኔ አይሠራም። ካልተስማማችሁበት መቃወሚያው ሰዓት ከመፈረማችሁ በፊት ነው።

ፍቺ ቢመጣ

በአጭሩ፣ የጋራው ቤት እኩል ይካፈላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትካፈሉት ቤቱንና ቤቱ ያለበትን ቦታ የመጠቀም መብት ነው። ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ይከፈላል። ካልሆነ አንዱ ግምቱን ከፍሎ ያስቀራል፤ ካልተስማማችሁ ይሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል። ሐራጅ የወጣ ቤት ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ከቻላችሁ ገማች አምጥታችሁ ተስማሙ። ክርክሩ እስኪያልቅ ማን ቤቱ ውስጥ ይቆይ በሚለው ላይ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና ከቤት መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ያያል። ልጆች ከናንተ ጋር ካሉ ይህን በግልጽ ጠይቁ።

ቤቱ በስሙ ያልሆነ ወገን ግን ሳይዘገይ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ መጠየቅ።

ሞት ሲመጣ

ይህን ሰው መስማት አይወድም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የሚስት ወራሽ፣ ሚስትንም የባል ወራሽ አያደርግም። ኑዛዜ ከሌለ ንብረቱ ለልጆች ይሄዳል፤ ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆች፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ዘመዶች ይሄዳል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ቃል ያጥረዋል። 30 ዓመት አብራ የኖረች ሚስት ከባሏ አትወርስም።

ታዲያ ቤቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የሷ ነው። የሚወረሰው የሱ ግማሽ ብቻ ነው። ቤቱ የሱ የግል ከሆነ ግን፣ ከጋብቻ በፊት የገዛው ወይም የወረሰው ከሆነ፣ ኑዛዜ ካልተወ ምንም አይደርሳትም። አንደኛው መንገድ ያልኩት፣ ከሠርግ በፊት መግዛት፣ ለገዢው ምቹ ነው፤ ለትዳር አጋሩ ግን ይህ አደጋ አለበት። የጋብቻ ውል ያደረጋችሁም ብትሆኑ ያው ነው። ንብረቱን ስትለዩ ኑዛዜውን አብራችሁ አስቡ።

ኑዛዜ ለማድረግ መታመም አያስፈልግም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በራሳችሁ እጅ መጻፍም ትችላላችሁ። ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ይጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑ ይገለጽ፣ ቀን ይኑረው፣ በየገጹ ፈርሙ። ይህኛው በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። በቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃችሁ አትርሱት።

የቤቱን የሽያጭ ውል ልትፈርሙ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ በዚያው ሳምንት ኑዛዜውንም ጨርሱ። መታወቂያው፣ የጋብቻ ወረቀቱና ምስክር የሚሆኗችሁ ሰዎች ያን ሳምንት በእጃችሁ ናቸው።